ሰፊው ቤቱ ነው ወይስ ባሌ?

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። እባካችሁ ላላ አድርጋችሁ አንብቡልኝ። «ሰፊ» የምትለዋ ቃል ወረቀት ላይ ሲያዩዋት የዋህ ትመስላለች፤ ግን ጉደኛ ናት። ፊዋን ላላ ካደረጋችኋት መርፌና ክር ይዞ የሚውል ሰው ናት። ጠበቅ ካደረጋችኋት ደግሞ እግር የሚዘረጋበት፣ ልጅ የሚሯሯጥበት ትልቅ ነገር ትሆናለች። ይታያችሁ፣ ስትጠብቅ ነው የምትሰፋው! በአፍ ስንናገር ማንም አይሳሳትም። ሲጻፍ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፣ መለያ የላቸውም። እኔ ይህን አንድም ቀን ሳላስብበት ነው እዚህ ዕድሜ የደረስኩት። ያሳሰበኝ ወንድሜ ነው፣ የእጁን ይስጠው።

መጀመሪያ ስለ ባሌ ልንገራችሁ። ቀጭን ነው። ኮት ከምንሰቅልበት ማንጠልጠያ የሚለየው በመነጽሩ ነው። ሱቃችን ደግሞ ከአንድ ፎቅ ሥር፣ ደረጃው ወደ ላይ ከሚታጠፍበት ጉያ ውስጥ የተወሸቀች ክፍል ናት። ከፊት የስፌት መኪናው፣ ከጎኑ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የታጨቀበት ከረጢት፣ ከኋላ መጋረጃ። መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ልብስ የሚሞክር ሰው ክንዱን ከዘረጋ ካውያው ላይ ያርፋል። ራሱን በመስታወት ከእግር እስከ ራሱ ማየት የፈለገ ደንበኛ ኮሪደሩ ላይ መውጣት አለበት፤ ከላይ ፎቅ የሚወርዱ ሰዎች «ያምርብሃል» እያሉት ያልፋሉ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ባሌን እቆጣለሁ። የሚያደክመኝ የመጨረሻው ነው።

ሰውዬው አንድ ዓይነት ልብስ ሁለቴ ሰፍቶ አያውቅም። «ማንም ሰው የሌላውን ትከሻ ይዞ አልተወለደም» ይላል። ደንበኛ ሲገባ ፊቱን አያይም፣ ትከሻውን ነው የሚያየው። መንገድ ላይ ሰላም የሚሉትን ሰዎች አያውቃቸውም፤ አልፈው ጀርባቸውን ሲሰጡት ግን «ውይ! ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ሰውዬ!» ብሎ ተከትሏቸው ይሮጣል። ስንቱን ሰው አስደንግጧል መሰላችሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ደንበኛ አጣ። የድሮዎቹ ሰፈር ለቀቁ፤ አዲሶቹ የተሰፋ ልብስ ገዝተው እጅጌው ቢረዝም አጥፈውት ይሄዳሉ። ባሌ እነዚያን የታጠፉ እጅጌዎች በመስኮት እያየ ይቃጠላል። በመጨረሻ የልብስ ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል ሲባል ሰማሁና ሂድ አልኩት። እኔው ነኝ ያልኩት። ሄደ፣ ፈተኑት፣ የሸሚዝ ኪስ ሲሰፋ ዋለ። ኪስ ብቻ። ሸሚዙን እንኳ አላሳዩትም። «ሸሚዙ የታለ?» ቢል «እሱ አንተን አይመለከትህም» አሉት።

ቤት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«አለፍኩ። ወር ሲገባ ጀምር ብለውኛል።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ?»

«ማን እንደሚለብሰው አላውቅም» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ሌላ ሰው ቢለው እስቅ ነበር። ወር እስኪገባ ደንበኛ ካልመጣ ባሌ የቀረ ዕድሜውን የማያውቀውን ሰው ኪስ ሲሰፋ ሊጨርስ ነው። ስለዚህ ወንድሜን ጠራሁት።

ወንድሜን የማያውቀው ሁሉ «ኔትዎርክ» ይለዋል፤ የሚያውቀው ደግሞ ለምን እንደተባለ ያውቃል። ሲፈለግ ይጠፋል፣ ሳይፈለግ ይመጣል፣ በወሬ መሐል ይቋረጣል። ሥራው ድርጅቶችን ኢንተርኔት ላይ ማስተዋወቅ ነው። ሱቃችን ገባ፣ መቀመጫ ስላጣ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ችግራችሁ ገብቶኛል። ሰው ሲፈልጋችሁ አትገኙም።»

«ከዚህ ወዴት ሄደን?» አለ ባሌ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ አይደለን?»

«ኢንተርኔት ላይ ነው የምልዎት ጋሼ! ዛሬ ሰው ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ ነው የሚፈልገው። ሲፈልግ ደግሞ ከላይ የወጣለትን ነው የሚነካው፤ ወደ ታች የሚወርድ የለም። እናንተን ከላይ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። ኤስኢኦ ይባላል።»

«ማነው እሱ?»

«ሰው አይደለም ጋሼ፣ ዘዴ ነው።»

«ዘዴ ከሆነ ይምጣ» አለ ባሌ ዙሪያውን እያየ። «ለሰው ግን ቦታ የለንም።»

ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ሰዎች ምን ምን እንደሚፈልጉ የሚያሳይ አንድ ነገር ከፈተ። ትንሽ እንዳየ ዓይኑ ፈጠጠ። «ኧረ እናንተ ሰዎች ወርቅ ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትራቡት! ይኸው፣ ‹ሰፊ ቤት›፣ ‹ሰፊ ቤት›፣ ‹ሰፊ ቤት›! የአገሩ ሰው በሙሉ የሚፈልገው ሰፊ ቤት ነው! እኔ እኮ ይሄን ያህል ልብስ የሚያሰፋ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።»

እኔም አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰፊ ስል የኖርኩት ባሌን ነውና ላላ አድርጌ አነበብኩት። ባሌም እንደዚያው። ሦስታችንም እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፋፍገን ተደሰትን። ወንድሜ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ቦታ በሚፈልግበት ካርታ «ሰፊ ቤት» ብሎ መዘገበን፣ የባሌን ፎቶ ለጠፈ፣ ስልኬን ጻፈ፣ ተቋረጠ።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ሴት ናት።

«ሃሎ፣ ቤቱ አልተያዘም አይደል?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ባዶ ነን፣ ይምጡ!» አልኩ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

«ስንት ክፍል ነው?»

«አንድ ነው፤ ግን በመጋረጃ ከፍለነዋል።»

«ውሃ አለው?»

«ለካውያ የሚሆን አናጣም።»

ዘጋችው። መስመሩ ነው ብዬ ወንድሜን ረገምኩት።

ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጣ መምህር ከሚስቱ ጋር መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ከኪሱ የአናጺ ሜትር አወጣና ወለላችንን መለካት ጀመረ። ባሌ ይህን ሲያይ፣ የሚለካ ሰው ወዳጁ ነውና፣ የራሱን ሜትር ከአንገቱ አወረደና የመምህሩን ትከሻ መለካት ጀመረ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ወለል ይለካል፣ አንዱ ከላይ ሆኖ ጀርባ ይለካል። ሚስትየዋና እኔ ተያየን።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ መምህሩ ደንግጦ።

«ይቀጥሉ ይቀጥሉ፣ ደረትዎ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ባሌ።

ጉዱ የታወቀው ያኔ ነው። ሰውዬው የመጣው የሚከራይ ቤት ለማየት ነው! ለካ ያ ሁሉ ሕዝብ ቃሏን ጠበቅ አድርጎ ነበር ሲጽፋት የኖረው። መምህሩ ደሙ ፈልቶ ወጣ፤ ኮሪደሩን ሳይጨርስ ስልኩን አውጥቶ ጻፈብን። አንድ ኮከብ ሰጠን፤ ከዚያ በታች ስለሌለ ነው። «ሰፊ ቤት ብለው ያስተዋውቃሉ፤ ቤቱ የጠባብ ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ባለቤቱ ሳልጠይቀው ደረቴን ለካኝ። አጭበርባሪ።»

ወንድሜ የሱቁን ስም እንዲቀይርልን ስንደውልለት አያነሳም፣ መልእክት ስንልክለት አይመልስም። ቤት ፈላጊው ደግሞ ይጎርፋል። አንዱ «መኪና ማቆሚያው የት ነው?» ብሎ መጋረጃውን ገለጠ፤ ውስጥ ሱሪውን ያወለቀ ደንበኛ ነበር፣ እሱም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አንድ ኮከብ በአንድ ኮከብ ላይ ተከመረብን። «ውሸታሞች» አለ አንዱ። «መጸዳጃ ቤት የለውም» አለች ሌላዋ። አንዱ ደግሞ፣ አፈር ስሆን፣ እንዲህ ጻፈ፦ «ባለ ሦስት መኝታ ፈልጌ ሄጄ ሱሪዬን አሳጠሩልኝ። ሱሪው ጥሩ ሆኗል፤ ቤቱን ግን አልመክርም።»

እኔ በዚህኛው ስስቅ ባሌ አልሳቀም። እሱን ያቃጠለው «አጭበርባሪ» የምትለው ናት። የቆየ ደንበኛችን ኮቱን ሊያሰፋ ጨርቅ ሰጥቶን ነበር፤ ልጁ ስልክ ላይ ስማችንን አይቶ «አባዬ፣ እነዚህ እኮ ሌቦች ናቸው» ስላለው ጨርቁን ወስዶ ሄደ። ባሌ ጨርቁን አጣጥፎ ሰጠው። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጨርቅ ጣት የምታህል ቁራጭ አስቀርቶ የማያውቅ ሰው! የተረፈውን ሁሉ ጠቅልሎ ነው የሚመልሰው። ያን ቀን ወንድሜን ባገኘው ኖሮ በካውያ ነበር የምተኩሰው።

በመጨረሻ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«እትዬ አትቆጪ፣ መፍትሔ አለኝ። ኮከብ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ሙሉ ሰማይ ትሆናላችሁ።»

ባሌ አልሰማም፣ መኪናው ላይ ነበር። እኔ ግን ወር መግባቱ አይቀርም ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። በማግስቱ እውነትም ምስጋናው ዘነበ። ስልኬን ከፍቼ ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ «ግሩም ቦታ! ቁርሱ ትኩስ ነው፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ልጆቼ ከመዋኛው አንወጣም ብለው አስቸገሩኝ።»

ባሌ መኪናውን አቆመ። «መዋኛው የት ነው?»

«ቀጥሎ ደግሞ ‹አስተናጋጆቹ ፈገግተኞች ናቸው› ይላል።»

ሁለታችን አስተናጋጆች ተያየን፤ አንዳችንም ፈገግ አላልንም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካርታው ነቃብን። ምስጋናውን ሁሉ ጠረገና ከስማችን በላይ በቀይ «በዚህ ድርጅት ላይ ሐሰተኛ አስተያየቶች ተገኝተዋል» ብሎ ለጠፈ። መምህሩ አጭበርባሪ ያለን በስሕተት ነበር፤ አሁን ግን እውነት ሆነ፣ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ወንድሜ ተቋረጠ።

እኔ ሁሉንም አጥፍተን ዝም እንበል ባይ ነበርኩ። ባሌ ግን ስልኬን ከእጄ ወሰደ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ ክር በመርፌ ሊያስገባ ሲል እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በአንድ ጣቱ መጻፍ ጀመረ።

«ማንን ልትሰድብ ነው?» አልኩት።

«ልብስ የጠበበው ሰው ተቆጥቶ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ተቀብለን እናሰፋለታለን። እነዚህም ቅር ብሏቸው ነው የሄዱት።»

ለእያንዳንዳቸው መለሰ፣ አንድም አላስቀረ። ለመምህሩ የጻፈለትን ቃል በቃል ልንገራችሁ፦ «ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው። ቤቱ ሰፊ አይደለም፤ ሰፊው እኔ ነኝ። ስለ ድካምዎ ይቅርታ ይደረግልኝ። ግራ ትከሻዎ ግን ዝቅ ይላል፣ ኮት ሲገዙ ያስቡበት።» ለቀዩ ጽሑፍ ደግሞ «መዋኛ የለንም። ምስጋናውን የገዛን እኛ ነን፣ አንደግመውም» ብሎ ጻፈበት። እኔ በኀፍረት ባዶውን ጠረጴዛ በካውያ ስተኩስ ነበር።

ታዲያ ሕዝቡ መቼ ላላ አድርጎ ያነባል! «ሰፊው እኔ ነኝ» የሚለውን ጠበቅ አድርጎ አነበበና አጠገቡ ያለውን የባሌን ፎቶ አየ። ያን ክር የሚያህል ሰውዬ! ጉድ ፈላ። «ይሄ ሰውዬ ሰፊ ከሆነ እኔ ስታዲየም ነኝ» ብሎ አንዱ ጻፈ። ሌላው ተቀባበለው። ኮሪደሩ ላይ «ሰፊው አለ?» እያሉ የሚመጡ ጎረምሶች በዙ፤ ፎቶ ያነሱታል፣ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱም ቁልፍ ያስተከለ የለም። ባሌ እየመጡ የሚሄዱትን ሁሉ በትከሻቸው ያውቃቸዋል፣ ያ ብቻ ነው ትርፉ። እኔ ግን ወር እስኪገባ የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ።

ወንድሜን አስመጣነውና ስሙን «ልብስ ሰፊ» ብሎ አስተካከለ። ባሌ ፎቶውም ይቀየር አለ፤ ከበሩ ላይ ሆኖ ክፍሏን እንዳለች እንዲያነሳት።

«ጋሼ፣ ጠባብነቷን ነው እኮ የሚያሳዩት!»

«የሚመጣ ሰው አይቶ ይምጣ።»

ወንድሜ ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱን ልንገራችሁ? እኛ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩን ይሄንኑ ነው። እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ፎቶ፣ ለተናገረህ ሁሉ መልስ። እንዲህ የወጣ አይወርድም።»

«ታዲያ ምነው ከመጀመሪያው ያላደረግኸው?» አልኩ።

«ቀስ ይላላ፣ እትዬ!»

እኔም የፈራሁት ቀስ ማለቱን ነበር።

ወሩ ሲጋመስ አንዲት ሴት መጣች። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ የሥራ ኮቷን ለብሳለች፣ የወንድ ኮት ነው፣ ከትከሻ ይሰፋል ከደረት ይይዛል። ትልቅ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም።

«ሰፊ ልብስ አላችሁ?» አለች፣ ጠበቅ አድርጋ። «ስልኬ ላይ ‹ሰፊ ልብስ› ብዬ ብጽፍ እናንተን አወጣልኝ።»

«የለንም» አለ ባሌ።

ልረግጠው ነበር። ስንት ጊዜ ጠብቀን የመጣች ሰው!

«እዚህም የለም» አለች ለራሷ፣ ድምፅዋ የለመደ ሰው ድምፅ ነው። «የለም» የተባለችበት በር ስንተኛዋ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

«ቆይ እህቴ» አለ ባሌ። «ሰፊ አንሰፋም፣ ጠባብም አንሰፋም። ልክዎን ነው የምንሰፋው። ይግቡ።»

«እዚህ ውስጥ?» አለች ክፍሏን እያየች።

እኔ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁላት፣ ገባች። የታናሽ እህቷ ሠርግ ነበር የደረሰባት። ልብስ መሸጫዎቹ በር ላይ ገና ሲያዩዋት፣ አፏን ሳትከፍት፣ «ለእርስዎ የሚሆን የለም» ይሏታል። በሥራ ኮቴ ልሄድ ወስኜ ነበር አለች፤ ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ባሌ ሲለካ ቁጥሩን እየጮኸ ነበር የሚነግረኝ፣ የላይ ፎቅ ሰው እስኪሰማ ድረስ። የእሷን ግን በሹክሹክታ ነገረኝ። ሲጨርስ «ትከሻዎ ቀጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ትከሻ ካየሁ ቆየሁ» አላት። ሽንገላ አያውቅም፤ እሷም አወቀችበት መሰለኝ ቀና አለች።

ቀሚሱን ሲሰፋ አጠገቡ መድረስ አይቻልም ነበር። ገበሩን ፈትቶ መልሶ ሰፋው፣ እጅጌውን አልወደደውም ብሎ እንደገና ቆረጠ። ፋብሪካውን ረስቶታል፤ እኔ ግን አልረሳሁም። ልትወስድ የመጣች ቀን ለብሳ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ መስታወቱ ፊት ቆመች። ቆየች። ከደረጃ የሚወርድ አንድ ሰው «ያምርብሻል» ብሎ አለፈ። ወገቡን በእጇ ዳሰሰች፣ ዞረች፣ ጀርባዋን አየች፣ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። እኔም ቁልፉን ትቼ አብሬያት አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

የሠርጉ ዕለት ከፎቶዋ ጋር ጻፈችልን፦ «ሰፊ ልብስ ፈልጌ ሄድኩ። ሰውዬው ልኬን ሰፋልኝ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እኔ ግን ገብቻለሁ።»

ይህን አንብበው መምጣት ጀመሩ። ሰፊ ልብስ ሲፈልጉ የኖሩ ሴቶች፣ ሸሚዝ ሆዱ ላይ የማይቆለፍለት ዳኛ፣ እንደ ባሌ ያለ ሱሪ የማይቆምለት ቀጭን ሰው፣ አንድ እጁ ከሌላው ያጠረ ሙዚቀኛ። ቀስ ብለው ነው የመጡት፣ አንድ ዛሬ፣ አንድ ከነገ ወዲያ። ወንድሜ እንዳለው ቀስ ይላል። መምህሩ እንኳ መጣ፤ አንድ ኮከቡን አላነሳም፣ «ቤቱ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው» አለ፣ ግን ጨርቅ ይዞ ነበር የመጣው።

ወር ገባ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ባሌ አንዲት ነርስ ፊት ተንበርክኮ የቀሚሷን ጠርዝ ይይዛል፤ አፉ በስፒል ተሞልቷል። ስልኬ ጮኸ። የፋብሪካው አለቃ ነው።

«ዛሬ የሚጀምረው ሰውዬ የት ቀረ? ኪስ ተከምሮ ይጠብቀዋል።»

ባሌ ማን እንደሆነ ገባው። ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየኝ፤ በዚያ በስፒል በተሞላ አፉ ምንም ማለት አይችልም። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝና የሚጠብቀው የእኔን አፍ ነው። ነርሷ «ቀሚሴን አይጎትቱት እንጂ» አለች።

«ይቅርታ፣ አይመጣም» አልኩት አለቃውን። «ሥራ ላይ ነው።»